ጭረት የሌለው መልእክት

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሚየን ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖም ፀጉሯን አልተሠራችም። አው ዛይ የሚሉትን ቀይ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ የአንገቱን ቁልፍ እስከ ላይ ቆልፋ፣ መስታወት ፊት ተቀምጣ የራሷን ፊት የሌላ ሰው ፊት ይመስል ታየዋለች። ከውጭ የእናቷ የወይዘሮ ኩክ ድምፅ ግቢውን ሞልቶታል።

«ያን ወንበር ወደዚያ! እሱን አይደለም፣ ያኛውን! የሳይጎን ሰዎች እኮ ናቸው የሚመጡት፣ የሰፈር ስብሰባ መሰላችሁ እንዴ?»

በህዌ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው በኪም ሎንግ ሰፈር የእነሚየንን ግቢ የማያውቅ የለም። ቅድመ አያቶቿ ቤተ መንግሥት ያገለገሉ ናቸው። ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስሳል፣ ስሙ ግን ጠብ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ሽማግሌ የላከው የጥርስ ሐኪም ነው። ሚየን ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ጥርሷን እንጂ ዓይኗን አላየም።

የምትወደው ካንግ ትቷት ባይሄድ ኖሮ ይህ ቀን አይመጣም ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት ነው የተዋት። ቢያንስ እስከዚች ሰዓት ድረስ እሷ የምታውቀው እንደዚያ ነበር።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና የአባቷ ታላቅ እህት፣ አክስት ኛን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ፀጉርሽን አልተሠራሽም? ተይው፣ እኔ እሠራሻለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ ከመቅደሱ ሴቶች ጋር ዳላት ልንሄድ ነው። ያ የማትነኪው ስልክሽ አለ አይደል? እሱን አውሽኝ። ካርታውም እሱ፣ ቲኬቱም እሱ፣ የእጅ ባትሪውም እሱ፣ አስተርጓሚውም እሱ ነው ይላሉ። ያን ሁሉ ኪሴ ውስጥ ከያዝሁ ቦርሳ ምን ይሠራልኛል?»

ሚየን ደነገጠች። ስልኩ እመሳቢያው ውስጥ፣ ከስካርፎቿ ሥር ነው ያለው። ካጠፋችው ወዲህ አልነካችውም፤ ልትጥለውም አልቻለችም።

«መጀመሪያ... ውስጡ ያለውን ላጥፋልዎት፣ አክስቴ» አለችና አውጥታ ቻርጅ ላይ ሰካችው። እሳቸው ፀጉሯን ማበጠር ጀመሩ። የስልኩ ጥቁር መስታወት እስኪበራ ድረስ ሚየን የምታስበውን ነገር መምረጥ አልቻለችም።

ካንግ ሰሜን፣ ዶንግ ሆይ አካባቢ ባሉት ዋሻዎች ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችን ይመራል። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ሲሸከሙ እሱ አንዲት ስልክ ብቻ ነበረችው። በእሷ መንገድ ያያል፣ በእሷ ያበራል፣ በእሷ ከጀርመኑም ከኮሪያውም ጋር ይነጋገራል፣ በእሷ ይከፍላል። ከሚየን ጋር የተዋወቁት ህዌ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ሲጠይቃት ነው። ካርታው ትክክል ነበር፤ እሱ ነው ሆን ብሎ የጠፋው። ይህን ያመነላት ግን ከአራት ወር በኋላ ነው።

ይህንንም ስልክ የሰጣት እሱ ነው። «ከህዌ ብቻሽን ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። አታውቅም ነበር። «እንግዲያው ያዥ። የትም ብትሄጂ የት እንዳለሽ ይነግርሻል። እኔም የት እንዳለሁ ይነግርሻል» አለና ካርታው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አሳያት። ነጥቧ እሱ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚየን ዕቃ እያጠበችም፣ እናቷ እየተቆጣቻትም፣ ሰማያዊዋ ነጥብ በተራራና በባቡር ሐዲድ ላይ ስትንፏቀቅ እያየች ኖረች።

ወይዘሮ ኩክ ነገሩን ሲሰሙ ያሉት በሰፈሩ ሁሉ ተወርቷል። «ቤቱን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው፣ ሚስቱን የት ሊያኖራት ነው?»

ካንግ ግን እንደ ወጉ ሊጠይቃት ቆረጠ። ባቡር ጣቢያ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ የምትሸጠውን እናቱን ይዞ፣ ለልጅ ጥየቃ የሚቀርበውን ቅጠልና ፍሬ አስይዞ፣ በቅዳሜው የጠዋት ባቡር ሊመጣ ቀጠሮ ተያዘ። ዋዜማውን በስልክ ሲያወሩ ሚየን ያላሰበችው ቃል አመለጣት። እናቷ «ከቂጣ ሻጭ ጋር አልዛመድም» ማለቷን ነገረችው። ካንግ «ገባኝ» አለና ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት መልእክቱ መጣ። አምስት ቃል ነው፤ «ዱንግ ቾ አን ኦ ጋ።»

የእነሱ ቋንቋ ያለ ጭረት ከተጻፈ ጉድ ያፈላል። እኛ «ይመታል» ብለን ስንጽፍ መቺው ይሁን ተመቺው ሳይለይ እንደሚቀረው ማለት ነው። «ዱንግ» በምትለው ቃል ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ወደ ግራ ካዘነበለች መልእክቱ «ጣቢያው ላይ አትጠብቂኝ» ነው። ወደ ቀኝ ካዘነበለች «ጣቢያው ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ» ይሆናል። ካንግ በዚያ ጠዋት ጭረት የሚባል ነገር አላደረገም። ሚየን ግን የሌለውን ጭረት አየችው፤ ከማታው «ገባኝ» በኋላ ጭረቱን የጨመረበት ፍርሃቷ ነው። «እሺ» ብላ መለሰች፣ ስልኩን አጠፋች፣ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታ «ተወኝ» ብላ አለቀሰች።

ስልኩ በራ።

አክስት ኛን ማበጠሪያውን ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ትተው ስልኩን ብድግ አደረጉት፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ ከላይ ያገኙትን መልእክት እንደ ጸሎት ጮክ ብለው አነበቡት።

«'ጣቢያው ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ።'» ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ይህ ያ የዋሻው ልጅ ነው? ታዲያ ቆምሽለት?»

ሚየን የሰማችው አልገባትም። «ምን አሉ?»

«ቆምሽለት ወይ ነው ያልሁት።»

«አይደለም፣ አክስቴ! 'አትጠብቂኝ' ነው የሚለው!»

«የት ነው 'አትጠብቂኝ' የሚለው?» አክስት ኛን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። «ጭረት የለውም እኮ። ደግሞ የማይመጣ ሰው የት እንደማይጠበቅ ለምን ይናገራል? የማይመጣ ሰው አልመጣም ነው የሚለው።»

ማበጠሪያው ወለሉ ላይ ወደቀ። ስልኩ አክስቷ እጅ ላይ ይጮህ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። ስድስት ሳምንት ሙሉ በሩ የተዘጋባቸው መልእክቶች እየተጋፉ ገቡ።

«ኧረ በቡድሃ!» አሉ አክስት ኛን። «ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?»

ሚየን ቀማቻቸው። አነበበች። እነዚህኞቹ ሁሉም ጭረታቸው በቦታው ነው።

«ደርሰናል። የት ነሽ? ጣቢያው በር ላይ፣ ከዛፉ ሥር ቆመናል። ስልኬ ሞቶብኝ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ዋሻ ውስጥ ሳበራበት ቻርጁን ጨርሼው፣ የጠዋቱን የላክሁልሽ አንድ በመቶ ቀርቶት ነው።»

«እናቴ እስካሁን ቆማለች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። 'ልጅቷ ቆማ ከተቀበለችኝ ጥሩ አድጋለች ማለት ነው፤ እኔም ቆሜ ነው የማያት' ትላለች። ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ውኃ እየረጨችው ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እናቴን በመመለሻው ባቡር ሰደድኋት። ምንም አልተናገረችም። ያ ነው የከበደኝ።»

«ወደ ቤታችሁ መጣሁ፤ እናትሽ በር ላይ አገኘችኝ። 'መልሷን ራሷ ሰጥታሃለች' አለችኝ። እውነት ነው፣ 'እሺ' ብለሻል። ምን ማለት ነው እሺ ብሎ መቅረት?»

ቀጥሎ ያለው የተላከው በማግስቱ ነው። እሱን ስታነብ ሚየን ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«የላክሁልሽን መልሼ አየሁት። ሚየን፣ በየትኛው ጭረት ነው ያነበብሽው? እባክሽ ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

ይህን ጥያቄ ስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ኖራለች። ልቅሶ እንኳ አልመጣላትም።

የመጨረሻው ትናንት የተላከ ነው። «ለሦስት ዓመት ሥራ ወደ ጃፓን እሄዳለሁ። የምበረው ነገ ማታ ከሳይጎን ነው፤ ዛሬ ሌሊቱን ተነሥቼ ግማሹን መንገድ በባቡር፣ የቀረውን በአውሮፕላን እወርዳለሁ። ባቡሩ ነገ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ህዌ ስምንት ደቂቃ ይቆማል። አልወርድም፣ ነይም አልልሽም። የት እንዳለሁ ለአንቺ መንገር ስለለመድሁ ብቻ ነው።»

ሚየን ካርታውን ከፈተች። ሰማያዊዋ ነጥብ አለች! ስድስት ሳምንት ሙሉ አላጠፋትም። ከከተማው በስተሰሜን፣ በሐዲዱ ላይ፣ ወደ እሷ እየመጣች ነው።

ወይዘሮ ኩክ ገቡ። «እንግዶቹ መንገድ መታጠፊያው ላይ ደርሰዋል። ምንድን ነው ወለል ላይ...» የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

«እማዬ፣ ካንግ እዚህ በር ላይ መጥቶ ነበር?»

ወይዘሮ ኩክ የቀሚሳቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«መጥቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ 'ተወኝ' ብለሽ እያለቀስሽ ነበር። የተወሽ ሰው እንደገና ቢመጣ ምን ልበለው? ግባ ልበለው?»

«መምጣቱን ልትነግሪኝ ይገባ ነበር!»

«ይገባ ነበር።» ሚየን እናቷ ይህን ቃል ስትል ሰምታ አታውቅም። የወይዘሮ ኩክ ድምፅ ግን ወዲያው ጠነከረ። «አሁን ግን ሰዎቹ በር ላይ ናቸው። ዛሬ ከዚህ በር ብትወጪ በዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ እማዬ» አለች ሚየን። «የእሱ እናት ግማሽ ቀን ቆማ ቀና ሳትል ነው የተመለሰችው። ይቅር በይኝ።»

«ሂጂ አንቺ!» አሉ አክስት ኛን ከኋላ። «ሰዎቹን እኔ አጫውታቸዋለሁ። ጥርሴንም አሳያቸዋለሁ።»

ሚየን ስትወጣ እንግዶቹ ክብ ክብ ቀያይ የስጦታ ሳጥኖቻቸውን ተሸክመው፣ ተሰልፈው፣ ፈገግ ብለው እየገቡ ነበር። ሙሽራይቱ በመካከላቸው ሰንጥቃ ሮጠች። ፈገግታቸውን የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸው እንደያዙት ቀሩ።

መንገዱ ዳር ሞተር ታክሲ ላይ ጋደም ብሎ የነበረው ሰው ቀይ ቀሚሷን አይቶ ዘሎ ተነሣ። «እህቴ፣ ሠርግ ሊያመልጥሽ ነው ወይስ ከሠርግ እያመለጥሽ ነው?»

«ባቡር ጣቢያ! ወንድሜ፣ እባክህ ፍጠን!»

«እያመለጠች ነው» አለ ለራሱ፤ ሞተሩን አስነሣ።

የባቡሩ ድልድይና የመኪናው ድልድይ ወንዙን ጎን ለጎን ነው የሚሻገሩት። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ ከኋላ ጩኸት መጣ። ሚየን ዞር ብትል ባቡሩ ነው! በአጠገቧ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ርቀት፣ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ያልፏታል። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ የራሷን ነጥብ ነክታ አለፈች። ከነዚህ መስኮቶች በአንዱ ውስጥ ካንግ አለ። ጮኸች፣ ድምፅዋ ግን ከብረቱ ጩኸት በላይ አልወጣም።

ጻፈች። ሞተሩ እያንገጫገጫት፣ በአንድ እጇ የሹፌሩን ጃኬት ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ጻፈች። «ቆመህ ጠብቀኝ።» ልትልክ ስትል ጭረቷን እንደረሳች አየች። እንዲሁ ብትልከው ኖሮ «አትጠብቀኝ» ብሎ ሊያነበው ይችል ነበር! ጣቷ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ጭረቷን አገኘቻት፣ ወደ ቀኝ አስደገፈቻት፣ ላከችው። መድረሱን ግን ስልኩ አልነገራትም።

ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል። የባቡሩ ማሳለፊያ ብረት ወርዶ፣ ሞተሩ ሁሉ ተኮልኩሎ ቆሟል። ሚየን ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልቆጠረችም፤ ብረቱ ሲነሣ ብቻ ሹፌሩን ጀርባውን መታችው።

ጣቢያው በር ላይ ስትወርድ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። ነጥቧ ጣቢያው ላይ ናት። እዚያው ናት። ሰዎችን እየገፋች፣ ሻንጣ እየዘለለች፣ ነጥቧን ብቻ እያየች ባቡሩ ወደሚቆምበት ሮጠች። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ነጥቧ ተንቀሳቀሰች።

ቀና ስትል የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ብቻ ነው የቀረው። እሱም ጠፋ።

ሚየን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊዋ ነጥብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። መልእክቷ «ተነብቧል» ይላል። አንብቦ ሄደ ማለት ነው። ያን ጊዜ እሱ ጭረት ረሳ፣ ዛሬ እሷ ጭረቷን በቦታዋ አድርጋ ላከችለት፤ አሁንም ሄደ። የዛሬው የሚያሳምም አይደለም። ከሕመም በላይ ነው፤ እጇም እግሯም የሷ አልመስላት አለ።

«ሚየን።»

ራሷ ውስጥ የተጠራ መሰላት። አልዞረችም።

«ሚየን፣ ቀና በይ።»

ካንግ በመጠበቂያው ክፍል በር ላይ ቆሟል። ሻንጣ የለውም። እጆቹ ባዶ ናቸው። ከስቷል። ሚየን እሱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እንደገና እሱን አየች።

«አንተ እኮ...» ስልኩን እንደ ማስረጃ ዘረጋችለት። «እዚህ ነህ። እየሄድህ ነው።»

«እሱ ስልኬ ነው» አለ። ድምፁ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎበታል። «ባቡሩ ውስጥ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ቀረ።»

«ሻንጣህስ?»

«እሱም።»

«ፓስፖርትህ? ቲኬትህ? ካንግ፣ ጃፓንህስ?»

«ሁሉም ሄደ። 'ቆመህ ጠብቀኝ' የሚል አነበብሁ፣ ጭረቷ ወደ ቀኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሰብሁም። ወርጄ ያን ቀን ከእናቴ ጋር የቆምንበት ዛፍ ሥር ሄጄ ቆምሁ። መጣሽ። በፊቴ አለፍሽ፣ ሚየን። እጅጌሽ እጄን ነካኝ። ጠራሁሽ፣ አልሰማሽም። ስልኩን ነበር የምታዪው።»

ሚየን ከዛሬው ድንጋጤ ሁሉ ይህ ባሰባት። እሱን ፍለጋ እየሮጠች፣ እሱን ገፍታው አልፋለች! ስልኩን ቀሚሷ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፤ ቅድም እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ።

«በግራው ነው ያነበብሁት» አለች ከእጆቿ ሥር። «ጠይቀኸኝ ነበር። ዛሬ ነው ያየሁት። በግራው ነው ያነበብሁት፣ ካንግ።»

ካንግ እፊቷ ቁጢጥ አለ። «ስድስት ሳምንት» አለ። «ለአንዲት ጭረት።» ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጠና አሳያት። «እናትሽ ልክ ነበረች። ቤቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይኸው፣ እሱም ሄደ። አሁን ምንም የለኝም።»

ሚየን ፊቷን ጠረገች። ተነሣች። የቀሚሷን ጫፍ አራገፈች፣ ያልተያዘ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብላ ቆመች።

«እናትህ የት ናት?»

«ዶንግ ሆይ። ቂጣዋን እየሸጠች።»

«የሚቀጥለው የሰሜን ባቡር ስንት ሰዓት ነው?»

ካንግ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ኪሱ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል። እሷም ስልኳን ልታነሣ ብላ ተወችው። ሁለቱም የተገለበጠውን ኪስ አዩና ሳቁ።

«ሰው እንጠይቅ» አለች። «ግማሽ ቀን ቆማ የጠበቀችኝን ሴት፣ እፊቷ ሄጄ ቆሜ ልያት።»

ወደ ቲኬት መሸጫው መስኮት አብረው ሄዱ። ቲኬት ሻጯ ቀዩን ቀሚስ አየች፣ ባዶ እጁን የቆመውን ሰው አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ሚየን «ሁለት ቲኬት፣ ወደ ሰሜን» አለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ውሳኔ ከህዌ ልትወጣ ነበርና ድምፅዋ ከፍርሃቷ ጋር ወጣ።